ስውር ግልባጭ

ሰኔ ነው። ጅማ ሲዘንብ ቆርቆሮው ስለሚጮህ ስልክ የሚሰማው በግድ ነው። መጀመሪያ ላይ የሰማሁት «አንተ ልጅ፣ ስሜን ያወጣኸው አንተ ነህ» የሚለውን ብቻ ነበር። ድምፃቸውን ወዲያው ለየሁት፤ ፈረንጅ አራዳ አጠገብ ኢንተርኔት ቤት በምሠራበት ዘመን ደንበኛዬ የነበሩ እናት ናቸው። እዚህ እትዬ ብቻ እላቸዋለሁ። ሥራቸውን፣ ሰፈራቸውን፣ የልጆቻቸውን ቁጥር ብጽፍ የጅማ ሰው ሦስተኛው መስመር ላይ ሳይደርስ «አሃ፣ እሳቸው!» ይላል። ስለዚህ ከአሁኑ ልናገር፤ ስለ እሳቸው ከምጽፈው ጥቂቱን ሆን ብዬ ለውጬዋለሁ። የቱን እንደሆነ አልናገርም።

ስም ማውጣት በአማርኛ ሁለት ነገር ነው። ለሕፃን ስም ይወጣለታል፤ የተደበቀ ሰው ደግሞ ስሙ ይወጣበታል። እትዬ ሁለቱንም ማለታቸው ነበር፤ በሁለቱም ልክ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአንድ ስብሰባ መጥሪያ በኢሜይል ደረሳቸው። ስብሰባው ስለምን እንደሆነ አልጽፍም፤ ሰው ሲያወራው ድምፁን ዝቅ የሚያደርግበት ዓይነት ጉዳይ ነው ብዬ ልለፈው። መጥሪያውን የላከው ሰው ክፋት አልነበረበትም፣ ቸኩሎ ነው። ሰማንያ የሚሆኑ አድራሻዎችን «ለ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ደርድሮ ላከው። ሰማንያው ሰው ሰማንያውን ሰው አየ። ከመካከላቸው አንዱ የእትዬ የጎረቤት ልጅ ነበር። እሱም በዚያው ጉዳይ ውስጥ ነው፤ እሳቸው ስለ እሱ፣ እሱም ስለ እሳቸው አያውቁም ነበር። አሁን በር ላይ ሲገናኙ ሰላምታው እንደረዘመ ነገሩኝ። ይኼስ ባልከፋ። ዝርዝሩ ውስጥ ግን አዳራሹን የሚያከራየው ሰውዬም ነበረበት።

እኔ የት ገባሁ? አድራሻውን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። «እኔ እንኳ የልጅነት የቤት ስሜ ይበቃል ብዬህ ነበር። አንተ ነህ፣ ሙሉ ስምዎ ይሁን፣ የቁም ነገር ሰው ያስመስላል ያልከኝ» አሉኝ። እውነት ነው። ስማቸው፣ ነጥብ፣ የአባታቸው ስም፣ የተወለዱበት ዓመት። መታወቂያቸውን ግንባራቸው ላይ ለጥፌ ነው የላክኋቸው።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ ያቺ ቤት ስድስት ኮምፒውተርና አንድ የስልክ መስመር ነበራት። ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ቢሆንም እኛ ዘንድ ገና ብርቅ ነበር፤ ሰው የሚጠቀመው በደቂቃ እየተቆጠረበት ሰዓቱን በዓይኑ እየጠበቀ ነው። «ኢሜይል ክፈትልኝ» የሚል አልነበረም። «ያሁ አውጣልኝ» ነበር የሚሉኝ፣ ልክ ቀበሌ ሄዶ መታወቂያ እንደሚወጣው። ዲቪ የሚሞላው ይመጣል፣ ዓረብ አገር እህት ያለችው ይመጣል፣ ውጭ የትምህርት ዕድል የሚፈልገው የዩኒቨርሲቲ መምህር ይመጣል። ሁሉም አጠገቤ ይቀመጥና «እንደሚሆን አድርገህ ጻፈው» ይለኛል። ክርስትና አባት ሳልሆን በቀን አሥር ስም አወጣለሁ።

ጎረምሶቹ ራሳቸው ይዘው ይመጡ ነበር፤ የኳስ ተጫዋች ስም፣ «ቆንጆው» ምናምን፣ ከኋላው ሁለት ሺህ የሚል ቁጥር። እኔ አሾፍባቸዋለሁ። ዛሬ ሳስበው አስተዋዮቹ እነሱ ነበሩ። በዕድሜ የበሰሉትን ሁሉ ሙሉ ስማቸውን በነጥብ እየከፈልኩ ዓለም ላይ የበተንኩት እኔ ነኝ።

ቅጹ ራሱ ችግር ነበረበት። «የመጀመሪያ ስም» ይላል፣ ቀጥሎ «የመጨረሻ ስም» ይላል። የእኛ ስም መጨረሻ የለውም፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ። ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ የአባት ስም አስገባ ነበር። ከዚያ ከውጭ መልስ ሲመጣ ሰውየው በአባቱ ይጠራል። አንዲት ነርስ አባቷ በሞቱ በዓመቱ «ውድ አቶ» ብሎ የእሳቸውን ስም የጠራ ደብዳቤ ደረሳት። ለእሷ የተጻፈ ነው። ደቂቃው እየቆጠረ ስክሪኑን ስታየው ቆየች፤ እኔም የዚያን ቀን ሒሳቧን ዝቅ አድርጌ ነው የጻፍኩት።

የፊደሉ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ጫልቱ የሚለውን ስም ልጅቷ በቁቤ የተማረች ከሆነ በ«ሲ» ብቻ ትጀምረዋለች፣ አናባቢውንም ትደግማለች፤ እኔ በእንግሊዝኛ ልማድ «ሲ ኤች» ብዬ እጽፋለሁ። ፀሐይን በስንት መንገድ እንደሚጽፉት ቆጥሬ አልጨረስኩም። የከተማችን ስም እንኳ በአማርኛ ጅማ ነው ጂማ በሚለው ተስማምተን አናውቅም። አድራሻ ደግሞ አንድ ፊደል ሲዛነፍ ይቅር አይልም፤ ደብዳቤው ለሌላ ጫልቱ ይሄዳል። በስልክ አድራሻ ሲነገር መስማት ነበረባችሁ፦ «ነጥብ አለው፣ ከነጥቡ በኋላ አት፣ አት እኮ ያቺ ጅራቷን የጠቀለለችው ኤ!» ያቺን ምልክት የመረጣት ሬይ ቶምሊንሰን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ ኮምፒውተር መልእክት ለመላክ የሰውን ስም ከማሽኑ ስም የሚለይ ነገር ፈለገና በማንም ሰው ስም ውስጥ የማትገባ ስለሆነች ወሰዳት። አድራሻን በራሳችን ፊደል ለመጻፍ የሚያስችለው ደንብም እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቷል። እስካሁን በፊደላችን የተጻፈ አድራሻ ያለው ሰው አላገኘሁም።

ደብተርም ነበረኝ። ባለ 50 ሉክ። ሰው ማለፊያ ቃሉን ይረሳል፤ ሲረሳ እኔ ጋ ይመጣል፤ ስለዚህ ስከፍትለት እዚያው እጽፈዋለሁ። የበኩር ልጅ ስም፣ የሠርግ ዓመተ ምሕረት፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ከ1 እስከ 6። ማንም «ለምን ትጽፈዋለህ?» ብሎኝ አያውቅም። አንድ ቀን፣ መብራት ጠፍቶ መጥቶ ቤቱ ባዶ በነበረበት ሰዓት፣ ከደብተሩ አንዱን መስመር አንሥቼ የአንዲት ደንበኛዬን ደብዳቤ ከፍቼ አነበብኩ። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ ሥራ መፍታት ይመስለኛል። እጮኛዋ ከውጭ የጻፈላት ነው፣ እንደማይመለስ። በማግስቱ ደስ ብሏት መጣችና «ኧረ ፍጥን በል፣ ደብዳቤ ሳይኖረኝ አይቀርም» አለችኝ። ቀና ብዬ አላየኋትም። ከዚያ በኋላ የማንንም አልከፈትኩም። ደብተሩን ግን አልጣልኩትም።

ወደ እትዬ ልመለስ። የቢሮ ሰው የሆነ ሁሉ ግልባጭ የሚባለውን ነገር ያውቀዋል። ደብዳቤው ከላይ የተጻፈው ለአንድ ሰው ነው፤ ጥርሱ ያለው ከታች ነው። «ግልባጭ፦ ለሥራ አስኪያጅ፣ ለሰው ሀብት አስተዳደር፣ ለመዝገብ ቤት።» የሰውየውን ጥፋት ለእሱ ብቻ መንገርና አለቃው እያየ መንገር እንደማይገናኙ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ኢሜይልም ይህንኑ ነው የወረሰው። በታይፕ ዘመን በሁለት ወረቀት መሃል ካርቦን ይገባና አንዴ ሲመታ ሁለት ይሆናል፤ በእንግሊዝኛው ሳጥን ላይ ያሉት ሁለት «ሲ»ዎች የዚያ የካርቦን ግልባጭ ምልክት ናቸው። ሌላም ነበር። ዋናውን ወረቀት ከማሽኑ አውጥቶ፣ ቀሪው ላይ ብቻ አንድ ስም መጨመር። ዋናው ተቀባይ ያ ሰው እንደደረሰው አያውቅም። ስውር ግልባጭ ይኼ ነው፤ ሦስተኛው ሳጥን፣ በእንግሊዝኛው «ቢሲሲ» የሚባለው።

ሳጥኑ የተሠራው ለተንኮል ይመስላል፣ ያገለግልም ይሆናል። እኔ ግን ከሦስቱ ጨዋው እሱ ነው ባይ ነኝ። እርስ በርስ ለማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ነገር ስትልክ «ለ» በሚለው ውስጥ የራስህን አድራሻ፣ በስውሩ ውስጥ የእነሱን ታስገባለህ፤ እያንዳንዱ መልእክቱን ያያል፣ ሌላውን አያይም። ሥራው የአሥር ሰከንድ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2015 ለንደን ውስጥ 56 ዲን ስትሪት የሚባል ክሊኒክ ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለ ደንበኞቹ የሚልከውን መጽሔት እነዚህን አሥር ሰከንዶች ረስቶ ላከው። ለ781 ሰው። ከአድራሻዎቹ 730 የሚሆኑት ሙሉ ስም የያዙ ነበሩ። ከተቀባዮቹ ጥቂቶቹ ቫይረሱ ጭራሽ የሌለባቸው ነበሩ፤ ዝርዝር ግን ይህን አይለይም፣ አንዴ ስምህ ከተደረደረ ተደርድሯል። በዓመቱ ክሊኒኩን የሚያስተዳድረው የሆስፒታል ተቋም 180,000 ፓውንድ ተቀጣ። ቁጥሩን ሳነብ ትዝ ያለኝ ሌላ ነው፤ ለንደን ሚሊዮኖች የሚኖሩበት ከተማ ነው፣ ሰው ጎዳና ቀይሮ ይጠፋል። ጅማ ላይ ግን ከመርካቶ አዌቱ ድልድይ እስክትደርስ አሥር ሰው ሰላም ትላለህ።

የእትዬ ነገር በዚያ አላበቃም። ከሰማንያዎቹ አንዱ «አልመጣም፣ ይቅርታ» ብሎ ለሁሉም መለሰ። ሌላው «ከዝርዝሩ አውጡኝ» አለ፣ እሱም ለሁሉም። ሦስተኛው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ተቆጣቸው፣ ለሁሉም። በየመልሱ ዝርዝሩ እንደገና ይራባል። ይህ የእኛ አገር ጉድ እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1997 ማይክሮሶፍት ውስጥ 13,000 ገደማ ሠራተኞች በአንድ ዝርዝር ላይ መኖራቸውን ድንገት አወቁና «እኔንም አውጡኝ» መባባል ጀመሩ፤ በአንድ ሰዓት ገደማ 15 ሚሊዮን መልእክት ተላልፎ የኩባንያው ፖስታ ወደቀ። የኮምፒውተር ፕሮግራም ለዓለም የሚሠሩት ሰዎች ናቸው።

«ምነው ታዲያ መጀመሪያውኑ በሌላ ስም ቢሆን» ይሉኛል እትዬ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስበው እሱን ነው። ስም መደበቅ እኛ አገር ነውር ይመስላል፤ «የሚደብቀው ነገር ባይኖረው» ይባላል። ግን ከማን ወገን ነን? ጂሬን ተራራ ላይ ቤተ መንግሥታቸው ያለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የጅማ ንጉሥ የነበሩት ሰው የሚታወቁት በፈረሳቸው ስም ነው፤ አባ ጂፋር። የልጅነት ስማቸውን ጎብኚውን አይደለም የአገሩን ሰው ጠይቁ፣ ከመቶ አንዱ ቢመልስ ነው። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው። የፈረስ ስም መሸሸጊያ አይደለም። ሌላ ስም ነው፣ የራሱ ዝና ያለው፤ በዚያ ስም ፎክረህ ከሸሸህ የሚዋረደው ያ ስም ነው። ለብዙ ዓመታት በአንድ የብዕር ስም የሚጽፍን ሰው የማምነው በዚህ ምክንያት ነው። ማን እንደሆነ ባላውቅም የሚጠብቀው ስም እንዳለው አውቃለሁ።

ሌላው የክርስትና ስም ነው። የአያቴን የክርስትና ስም የሰማሁት ፍትሐታቸው ላይ ነው፣ ቄሱ ሲጠሩት። ሰማንያ ምናምን ዓመት አብረውት ኖረዋል፤ የሚያውቁት የንስሐ አባታቸው፣ እናታቸውና የክርስትና እናታቸው ነበሩ። ለምን እንደሚደብቁት ልጅ ሆኜ ስጠይቃቸው «ስም የያዘ ሰውን ይይዛል» አሉኝ፤ የሚፈሩት መተት ነው። እኔ በመተት አላምንም። ግን ያቺን ያሏትን ቃል፣ አዳራሽ አከራዩ ሰውዬ ዝርዝሩን ከያዘ ወዲህ በሌላ ጆሮ ነው የምሰማት። የአያቴ ምስጢር ሰማንያ ዓመት የቆየው እሳቸው ጎበዝ ስለሆኑ አይደለም። ሦስት ሰው ያውቅ ነበር፣ ሦስቱም ዝም አሉ።

እረኛም አለ። ነገሥታቱ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛው ማን ነው? ማንም። ግጥሙ ከየት መጣ? ከሜዳ። አገር የከፋውን ነገር በሁለት ስንኝ ተናግሮ ባለቤቱን የማይናገር ሕዝብ ስም አልባነትን ከኮምፒውተር ተማረ ማለት አይቻልም። ቋንቋችን ራሱ ለዚህ የተመቸ ነው። «አሉ» ትላለህ፣ አለቀ፤ ተናጋሪው የለም።

እርግጥ «አሉ» ሰውም ይገድላል። ቀድሞ በምሠራበት አንድ መሥሪያ ቤት ስም የሌለው ኢሜይል ለሠራተኛው በሙሉ ተላከ፤ የሒሳብ ክፍል ሰው ጉቦ ይበላል ይላል። ማስረጃ የለው፣ ፊርማ የለው። ሰውየው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይ ቤት ብቻውን ተቀመጠ። ላኪው ማን እንደሆነ በሦስተኛው ቀን ሁላችንም አወቅን፤ አድራሻው የተፈጠረ ቢሆንም አንዲትን ቃል ሁልጊዜ አሳስቶ የሚጽፍ ሰው ነበር፣ እዚያም አሳስቶ ጽፏታል። (ስም መደበቅ ይቻላል፣ የአጻጻፍ ግድፈት ግን አይደበቅም።) የሚገርመው ኮሪደሩ ላይ የአስተያየት መስጫ ሳጥን ነበረን፤ ቁልፉ የሚገኘው ሠራተኛው ሁሉ ቅሬታ ያለበት ኃላፊ ኪስ ውስጥ ነው። ያ ሳጥን ቢሠራ ኖሮ ያ ኢሜይል ባልተላከ እላለሁ፤ ላኪውን ግን ይቅር አላልኩትም። አባ ጂፋርም አይደለም፣ እረኛም አይደለም። ድንጋይ ወርውሮ እጁን ኪሱ የከተተ ነው።

ታማኝ መደበቂያ ለመሥራት የሞከሩም አሉ። ዮሃን ሄልሲንጊየስ የሚባል ፊንላንዳዊ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1996 አንድ ኮምፒውተር አቁሞ ነበር። ኢሜይልህን ለእሱ ትልካለህ፤ ስምህንና አድራሻህን ገፍፎ ሁለት ፊደልና ቁጥር ይሰጥህና ለምትፈልገው ያደርሳል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለስልሃል። 700,000 ገደማ ሰው ተጠቀመበት። በምን ይሠራ ነበር? በአንድ ሰንጠረዥ። ይህ ቁጥር የዚህ ሰው ነው የሚል። እ.ኤ.አ. በ1995 በሳይንቶሎጂ ቤተ እምነት አቤቱታ የፊንላንድ ፖሊስ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ መጣ፣ የአንድ ሰው ስም ከሰንጠረዡ ወጣ። በዓመቱ ሌላ ጥያቄ ሲመጣ ሄልሲንጊየስ የቀሩትን ሰዎች ልጠብቅ አልችልም ብሎ ዘጋው። ከዚያ በኋላ የመጡት ሥርዓቶች ትምህርቱን ወስደዋል፤ መልእክቱ በሁለት በሦስት ማሽን ያልፋል፣ አንዱ ከየት እንደመጣ ያውቃል፣ ሌላው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፣ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያውቅ የለም።

ስለ ሄልሲንጊየስ ያነበብኩ ለታ ወዲያው የመጣብኝ ባለ 50 ሉክ ደብተሬ ነው። እኔ ዘንድ ፖሊስም አልመጣም፣ ትእዛዝም አልመጣም። መብራት ጠፍቶ መጣ፣ ይኸው ነው።

አሁን አሁን ብዙው ሰው ኢሜይልን ለሥራ ካልሆነ አይነካውም፤ ሁሉም ቴሌግራም ላይ ነው። ጨዋነቱ ግን አብሮ አልተሻገረም። የእድራችን ገንዘብ ያዥ ባለፈው ዓመት የመዝገቡን ገጽ በስልኩ አንሥቶ ቡድኑ ላይ ለጠፈው፤ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ያልተከፈለ ዕዳ። አባላቱ ሁለት መቶ ናቸው። አንዲት ተከራይ ልጅ በማግስቱ ከማታውቀው ሰው «ሰላም ቆንጆ» ሲደርሳት ነው የነገሩ ክብደት የገባን። ገንዘብ ያዡን አናገርኳቸው፤ «ጋሼ፣ ቁጥሩን እንኳ ቢሸፍኑት» ስላቸው «ልጄ፣ እድር ውስጥ ምን የሚደበቅ አለ? ሬሳ አብረን የምናነሣ ሰዎች!» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ለእሳቸው ትውልድ አድራሻ ማለት ቤት ነው፤ ቤት ደግሞ ለጎረቤት አይደበቅም። ልጥፉን ግን አነሡት።

እኔም ጠባዬ ተለውጧል፣ ለወዳጆቼ ምቾት አይሰጥም። «የእከሌን ኢሜይል ላክልኝ» ሲሉኝ መጀመሪያ እከሌን እጠይቃለሁ። «ምን ያካብዳል!» ይሉኛል። የተላከልኝን ሳስተላልፍ ከታች የተቆለለውን የአድራሻ ግንብ አጠፋለሁ፤ ድሮ «ይህን ለአሥር ሰው ካልላክህ» የሚሉት መልእክቶች መቶ አድራሻ ጎትተው ይዞሩ የነበረው ማንም ይህን ስለማያደርግ ነው። ሆቴልና ሱቅ አድራሻ ሲጠይቁኝ በጂሜል ስሜ ላይ የመደመር ምልክትና የሱቁን ስም እጨምርበታለሁ፤ ደብዳቤው እኔኑ ያገኘኛል፣ ግን ያን አድራሻ ለሌላ አሳልፎ የሰጠው ማን እንደሆነ ይታወቀኛል። አንዱን በዚህ ይዤዋለሁ፤ ሲነግሩት አላመነም። ሕጉም አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሚላክ ማስታወቂያን ይመለከታል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁም ቁጥር 1321/2016 ሆኖ ወጥቷል። እትዬ ግን ክስ አላማራቸውም። ክስ ማለት ስምን ፍርድ ቤት ወስዶ ጮክ ብሎ ማስጠራት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤት መጡ። ባለቤቴ ቡና አቀረበች። እትዬ በርጩማውን ወደ ከሰሉ ጠጋ አድርገው ተቀመጡ፣ ዝናቡ ገና አላባራም። ስለ ስብሰባው አላነሡም። ሁለተኛው ስኒ ላይ «ያ ደብተር አለህ አይደል?» አሉኝ። ከየት እንደሚያስታውሱት! «ስትጽፈው አይቼህ ነበራ። ልጅ ነህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ከሻንጣ ሥር አወጣሁት። እርጥበት በልቶት ገጾቹ ተጣብቀዋል። የእሳቸውን መስመር ፈለግኩና አሳየኋቸው። ማለፊያ ቃላቸው በሕይወት የሌለ ሰው ስም ነበር፤ አንብበውት ጥቂት ዝም አሉ። ገጹን ቀደዱና አጥፈው ከሰሉ ላይ አስቀመጡት። ቀጥሎ ደብተሩን በሙሉ አነሡ። «የሌሎቹስ?» አሉ፤ መልሴን ግን አልጠበቁም። እርጥብ ወረቀት ቶሎ አይነድም፤ ቤቱ በጢስ ተሞላ፣ ባለቤቴ መስኮት ከፍታ ተቆጣችን።

ከዚያ አዲስ አድራሻ ከፈትንላቸው። ስሙን ራሳቸው አወጡት። ጥሩ ስም ነው። አባት የለው፣ የትውልድ ዓመት የለው። ተቀባዩ ሰው ዘንድ የሚታየው የማሳያ ስም ላይ ሙሉ ስማቸው እንዳይገባ ሁለቴ ፈተሽኩ፤ ብዙ ሰው አድራሻውን ደብቆ እዚያ ላይ ነው የሚጋለጠው። ማለፊያ ቃሉ ጋ ስንደርስ «ጻፍልኝ» አሉኝ፣ እንደ ድሮው። ኮምፒውተሩን ወደ እሳቸው አዞርኩና እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። በአንድ ጣት ነው የሚመቱት። ዝናቡ አንድ፣ ቁልፉ አንድ፣ ረጅም ጊዜ ወሰደ።

«ዙር፣ ጨርሻለሁ።»

ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነጥቦች ብቻ ተደርድረዋል። ሳላስበው ቆጠርኳቸው። ስንት እንደነበሩ አልናገርም።